ቴዘር ይዞ ዱባይ መውረድ፦ ከድሬ ለሚነሳ ነጋዴ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሴቶች ልብስና ሽቶ እሸጣለሁ። ዕቃዬን ዱባይ ሄጄ ራሴ ነኝ የምመርጠው። ሰሞኑን ሱቄ ብቅ የሚሉ ነጋዴዎች የአባያ ዋጋ መጠየቅ ትተዋል። ጥያቄው «አቦ፣ ያ የስልክ ዶላር እንዴት ነው የሚሠራው?» ሆኗል። ቴዘርን ማለታቸው ነው፤ ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ የተሠራ፣ ባንክ ሳይገባበት በኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክ ገንዘብ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ገንዘብ በጠቅላላ ክሪፕቶ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ ብዬ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ከሁሉ በፊት ድንበሩን ላስምር። ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የአገሪቱ መገበያያ ብር ነው። ስለዚህ እዚህ ብር ከፍሎ ቴዘር መግዛት፣ ወይም ከዱባይ የተረፈውን ድሬ ላይ ለሰው መሸጥ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ቴሌግራም ላይ «ብር አስገቡ፣ ዶላር ስልካችሁ ላይ ይገባል» የሚሉትንም እለፏቸው። በሕግ ማስጠየቁ አንድ ነገር ነው። የተበላ ሰው ግን የት ሄዶ ይከሳል? የእኔ ቴዘር ውጭ አገር ይመጣል፣ ውጭ አገር ያልቃል።

ታዲያ ለምን አስፈለገኝ? ወንድሜ ቶሮንቶ ነው የሚኖረው፤ የሱቁ ሸሪኬም ነው። እኔ ዱባይ ስሆን ከደሞዙ ያጠራቀመውን፣ የእሱን ድርሻ ይልክልኛል። በባንክ ሲልክ የዓርቡ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይደርሳል። ናይፍ ያለው ጅምላ ሻጭ ደግሞ እስከ ማክሰኞ አይጠብቀኝም። ቅዳሜ ማታ ዋጋ የቆረጥኩበትን ዕቃ እሁድ ሌላ ሰው ያነሳዋል። ቴዘር ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም። ጥቅሙ ለእኔ ይኸው ነው። «የወደፊቱ ገንዘብ» ምናምን የሚባለውን ለሌላ ሰው ትቻለሁ።

እናቴ ቀፊራ ገበያ ስትወርድ የአስቤዛውን በቦርሳ ትይዛለች፤ የክፉ ቀኑን ደግሞ መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ክሪፕቶ ለመንገደኛ መቀነት ላይ የሚቋጠረው ነው። ዋናው ገንዘቤ ባንክ ፓስፖርቴንና ቲኬቴን አይቶ የፈቀደልኝ ዶላር ነው። ሁለተኛው ባንኩ የሰጠኝ ቪዛ ካርድ ነው። ቴዘሩ ሦስተኛ ነው፤ ከጠቅላላው ሩቡን እንዲያልፍ አልፈቅድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ደንግጠው ያላቸውን ሁሉ ስልክ ውስጥ ሊከቱ የተሯሯጡ ሰዎች አውቃለሁ። በድንጋጤ እንዲህ ዓይነት ነገር አይጀመርም።

መጀመሪያ የምትሄዱበትን አገር እዩ

ጅቡቲ ከሆነ ይኼን ጽሑፍ ዝጉት። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ዛሬም አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። ከባቡሩ ናጋድ ስትወርዱ ጥሬ ዶላር ከያዛችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ሐርጌሳም እንደዚያው ነው። እዚያ ሰው ሻይ ሳይቀር በስልክ ይከፍላል። ዛድ የሚባለው አገልግሎት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶላርን በተራ ስልክ ሲያዟዙር ኖሯል፤ የአገሩ ሲም ካላችሁ ክሪፕቶ ምንም አይጨምርላችሁም።

ጓንዡ ለምትሄዱ፦ ተዉት። ቻይና በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. የክሪፕቶ ግብይትን በሙሉ ከልክላለች። ደላላ «እኔ ጋ በቴዘር ይሆናል» ቢላችሁ ችግር ሲመጣ ብቻችሁን ናችሁ። እዚያ አሊፔይ ወይም ዊቻት የሚባሉት የስልክ መክፈያዎች ላይ የቪዛ ካርዳችሁን ማያያዝ ይሻላል። ቱርክ ደግሞ መሐል ላይ ናት። መያዝና መመንዘር ይቻላል፤ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን ለዕቃ በክሪፕቶ መክፈል ተከልክሏል። ኢስታንቡል፣ ላሌሊ ገበያ ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ቴዘር ከጠየቃችሁ እሱም እናንተም ጥፋት ላይ ናችሁ።

ዱባይ ይለያል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫራ የሚባል መሥሪያ ቤት ይኼን ሥራ ብቻ ይቆጣጠራል፤ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቀጣል። ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ለዚህ ነው ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ዱባይን እያሰብኩ የሆነው።

በነገራችን ላይ እኛ የዚህ አካባቢ ሰዎች በገንዘብ ዓይነት አንደናገርም። ሐረር በአሚሮቹ ጊዜ ማህለቅ የሚባል የራሷን ሳንቲም ትመታ ነበር፤ ገበያው ላይ ደግሞ ማርትሬዛም ይቆጠር ነበር። ሁለቱን ይዞ የሚውል ነጋዴ ዋናው ሥራው ምንዛሪውን ማወቅ ነበር። የእኛም እሱ ነው።

የትኛው ገንዘብ

ቢትኮይን አይደለም። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. አንዱ ቢትኮይን 69 ሺሕ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ልክ በዓመቱ ከ16 ሺሕ በታች ወርዶ ታየ። ዕቃ ልትገዙ ወጥታችሁ ሆቴል ውስጥ ግራፍ ስታዩ አታድሩም። ለመንገድ የሚሆነው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሄድ የተሠራው ነው። ቴዘር፣ ማለትም ዩኤስዲቲ፣ አንዱ ነው፤ ዩኤስዲሲ የሚባልም አለ።

እነሱም ቢሆኑ ኩባንያ ያወጣቸው ነገሮች ናቸው። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ ዩኤስዲሲን የሚያወጣው ኩባንያ 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ውስጥ ነበረው። ዋጋው ለአንድ ቅዳሜና እሁድ 88 ሳንቲም አካባቢ ወረደ፤ ከዚያ ተመለሰ። የተመለሰው ለጠበቀ ሰው ነው። ያን ቅዳሜ መክፈል የነበረበት ሰው ግን ከስሯል። ሩቡን አያልፍም ያልኩት ለዚህም ነው።

ከድሬ ሳትነሱ

ዋሌቱን፣ ማለትም ቴዘሩን የምትይዙበትን የስልክ አፕሊኬሽን፣ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ አውርዱ። እኛ ጋ አፕሊኬሽን በሼርኢት ከሰው ስልክ መቀበል ልማድ ነው፤ ኢንተርኔት ይቆጥባል። ለዋሌት ግን በፍጹም። ከእውነተኛው ጋር አንድ ዓይነት መልክ ያለው፣ የምስጢር ቃላችሁን ለሌባ የሚልክ ፎርጅድ ሞልቷል።

ዋሌቱ ሲከፈት 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል፤ አንዳንዱ 24። ገንዘቡ ማለት እነዚያ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢሰረቅ በቃላቱ ሌላ ስልክ ላይ ይመለሳል። ቃላቱ ከጠፉ መታወቂያ አሳይታችሁ የምታስመልሱበት ቅርንጫፍ የለም። ስለዚህ በወረቀት፣ በቢክ፣ በተራ ቁጥር ጻፏቸው። ስክሪንሾት አታንሱ፤ ፎቶው ሳታውቁት ከጂሜይላችሁ ጋር የተያያዘ የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ሊጫን ይችላል። ቃላቱ የሚመረጡት 2,048 ቃላት ካሉት አንድ ዝርዝር ነው። የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ከሌላው ጋር አይመሳሰሉም። በድሬ ሙቀት ላብ የነካው ወረቀት ላይ ግማሹ ቢደበዝዝ እንኳ አራቱ ከተነበቡ ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ላስገድዳችሁ። ዋሌቱ ባዶ እያለ ሰርዙት። ከዚያ ወረቀቱን እያያችሁ መልሱት። አድራሻው ያው ከሆነ ወረቀቱ ትክክል ነው። ካልሆነ የተሳሳተ ፊደል አለ ማለት ነው፤ ምንም ሳታጡ አወቃችሁ። ወረቀቱ ቤት ይቀራል። ስልኩና ወረቀቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ አብረው አይሄዱም።

«ለምን እንዲህ እለፋለሁ፣ ኤክስቼንጅ ላይ አካውንት ከፍቼ እዚያው አልተወውም?» የሚል አለ። ኤክስቼንጅ ማለት ክሪፕቶ በኢንተርኔት የሚገዛበት፣ የሚሸጥበት ድርጅት ነው። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ኤፍቲኤክስ የሚባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ ሲከስር ደንበኞቹ አፕሊኬሽኑ ላይ ሒሳባቸውን እያዩ ማውጣት አልቻሉም። ኤክስቼንጅ ለመመንዘሪያ ነው፤ ለማደሪያ አይሆንም።

ኤክስቼንጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ስማችሁ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል። መሐመድን በእንግሊዝኛ አራት ዓይነት የምንጽፍ ሰዎች ነን። የባንክ ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ሆኖ ሒሳቡ የታገደበት ጎረቤት አለኝ። ሁለተኛ፣ የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ እንዲመጣ አታድርጉ። ዱባይ ስትገቡ የቴሌ ሲማችሁን አውጥታችሁ የአገሩን ትከታላችሁ፤ ከዚያ ኮዱ የት ይምጣ? ኮድ የሚያወጣውን አፕሊኬሽን ቤታችሁ ሆናችሁ ጫኑት።

ሲላክላችሁ

ቴዘር አንድ ስም ይኑረው እንጂ የሚሄድበት መንገድ ብዙ ነው። ትሮን አለ፣ ኢቴሪየም አለ፣ ሌላም አለ። ላኪና ተቀባይ በአንድ መንገድ ካልተስማሙ ገንዘቡ መሐል ላይ ይቀራል። ዱባይ ያሉ መንዛሪዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ትሮንን ነው። የትሮን አድራሻ በእንግሊዝኛው ‹ቲ› ይጀምራል፤ 34 ፊደልና ቁጥር ነው። በዜሮና በኤክስ የሚጀምር ካያችሁ እሱ የኢቴሪየም ዓይነት ነው፤ ቁሙ።

አድራሻ በእጅ አይጻፍም። ኮፒ ተደርጎ ይላካል፤ ከተላከ በኋላ ይነበባል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አራትና የመጨረሻውን አራት አይቶ ይረካል። ሌቦቹ ይኼን አውቀዋል። ጫፍና ጫፉ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው ሳንቲም ይልኩላችኋል፤ ታሪካችሁ ውስጥ ይቀመጣል። በሌላ ቀን ከታሪክ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የእነሱን ታነሳላችሁ። ስለዚህ ከታሪክ ላይ ኮፒ አይደረግም፤ መሐሉም ይነበባል። እኔና ወንድሜ አድራሻውን በድምፅ እናነባለን። ዱባይ ውስጥ የዋትሳፕ ጥሪ ዝግ ስለሆነ ቮይስ እልክለታለሁ። እሱ ደግሞ ያየውን መሐል ስድስት ፊደል አንብቦ ይመልስልኛል። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አካውንቱ ተጠልፎ ሌላ ሰው እየጻፈልኝ እንዳልሆነ በዚያው አረጋግጣለሁ።

ከዚያ 10 ዶላር ይልካል። 10 ብቻ። ስልኬ ላይ እስኪገባ ሻይ ይጠጣል። ትሮን ላይ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ሲገባ ዋሌቱን ብቻ አላምንም፤ ትሮንስካን ላይ፣ ማለትም የትሮን ዝውውር ሁሉ በይፋ የሚታይበት ድረ ገጽ ላይ፣ ገብቼ አድራሻዬን አያለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀሪው የሚላከው። ለሙከራው የሚወጣው ሳንቲም ያንገበገበው ሰው ይኼን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን ያስለቀሰው። ቴዘር ከትሮን ዋሌት ለማስወጣት ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በቴዘር አይቆረጥም። ትሮን በሚባለው፣ ቲአርኤክስ በሚሉት ሌላ ሳንቲም ነው። እሱ ከሌላችሁ ቴዘሩ ይታያል እንጂ አይንቀሳቀስም። አንዲት የሐረር ልጅ ዴራ ሆቴል ሎቢ ውስጥ 800 ቴዘር ስልኳ ላይ እያየች የታክሲ ዲርሃም ከእኔ ተበድራለች። ላኪያችሁን «ከቴዘሩ ጋር 30 ቲአርኤክስ ጨምርልኝ» በሉት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ወደ አዲስ አድራሻ፣ ቴዘር ወደሌለበት ስትልኩ ክፍያው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ወደ አንዱ አድራሻ መላኩ ረከሰ ብላችሁ ወደ ሌላ አዲስ አድራሻ የምትልኩትን በዚያው አትገምቱ።

መውጫው ላይ ነው ጉዱ

ገንዘቡ ከቶሮንቶ ዱባይ በደቂቃ ይመጣል። ከስልክ ወደ እጅ የምትመጣዋ የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ናት ዋጋ የምታስከፍለው። ሌባውም ኮሚሽኑም ያለው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ስለ አላላክ ይጠይቀኛል፤ ስለ አወጣጥ የሚጠይቀኝ የለም።

መጀመሪያ ሒሳቡን በእጃችሁ ያዙ። ዲርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.6725 ዲርሃም። ስለዚህ 1,000 ቴዘር በንጹሕ ሒሳብ 3,672 ዲርሃም ነው። አንዱ መንዛሪ 3.60 ቢላችሁ 72 ዲርሃም ወሰደ ማለት ነው፤ ሁለት በመቶ። «ኮሚሽን የለም» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈው ብዙ ጊዜ ይኼኛው ነው። ኮሚሽኑን ዋጋው ውስጥ ከቶታል። አትጨቃጨቁ። «ለ1,000 ስንት ዲርሃም እጄ ላይ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ቁጥር ነው የምትፈልጉት። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። ጥሬ ዶላር ቢሆን ስንት እንደምታገኙም አስተያዩ። አንዳንዴ ልዩነቱ ከባንክ ዝውውር ክፍያ ይበልጣል፤ ያኔ ሰኞን መጠበቅ ይሻላል።

የመንዛሪውን ስም ቫራ ዝርዝር ላይ ፈልጉ። ፓስፖርት ይጠይቃችኋል፤ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። ፓስፖርት የማይጠይቅ ሰው ሲያጋጥማችሁ ደስ አይበላችሁ። ሆቴል ድረስ እመጣለሁ የሚል፣ መኪና ውስጥ እንቁጠር የሚል፣ «ሐበሻ ነኝ፣ የአገር ልጅ» ብሎ የሚጀምር ሰው ላይ እኔ ወዲያው ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። የአገር ልጅነት ምንዛሪ ላይ ምን አገባው?

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ብሩ መስኮቱ ላይ ይቆጠራል፣ በማሽን፣ እያያችሁ። ከዚያ ትልካላችሁ። ሠራተኛው ገባ ሲል ብሩን ታነሳላችሁ። ብር ስል ዲርሃሙን ነው፤ አፌ ለምዶብኝ። ከእጃችሁ የወጣ ቴዘር አይመለስም። ባንክ ደውሎ የሚያቆመው ነገር የለም።

በግለሰብ ለግለሰብ የሚሠራውን፣ ፒ ቱ ፒ የሚሉትን፣ ለመንገደኛ አልመክርም። ገንዘቡን የከፈላችሁ ሰው ስሙ ሌላ፣ የተዋዋላችሁት ሌላ ይሆናል። የተሰረቀ ገንዘብ ከሆነ ሒሳባችሁ ታግዶ እናንተ ድሬ ተመልሳችሁ ትጠየቃላችሁ። ከማይታወቅ ሰው የተቀበላችሁት ቴዘርም ራሱ ሊታገድ ይችላል፤ ቴዘርን የሚያወጣው ኩባንያ የአድራሻን ገንዘብ ማገድ ይችላል፣ አግዶም ያውቃል። እኔ ከወንድሜ ውጪ ከማንም የማልቀበለው ለዚህ ነው።

«ፍላሽ ቴዘር» የሚባልም አለ። ስሙ ቴዘር የሚል ከንቱ ሳንቲም ነው። ዋሌቱ ላይ 5,000 ብሎ ይታያል፤ የትም አይሸጥም። ዕቃ ሸጣችሁ በቴዘር እንድትቀበሉ ከተጠየቃችሁ ትሮንስካን ላይ ሳታዩ ዕቃ አታስረክቡ። ዋሌቱ ሲያስቸግራችሁ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ሰፖርት ነን፣ 12ቱን ቃል ላኩልን» የሚል ሰው በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። እርዳታ የሚፈጥነው ሌባ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቃሉን የሚጠይቅ እውነተኛ ሰፖርት የለም።

በክሪፕቶ የሚሞላ ቪዛ ካርድስ? አለ። አብዛኛው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ ለጎብኚ አይሆንም።

ስትመለሱ

የመንዛሪውን ደረሰኝ ከዕቃው ደረሰኝ ጋር አብራችሁ አያይዙ። ጉምሩክ ስለ ዕቃው ዋጋ ሲጠይቅ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት መኖሩ ወሬውን ያሳጥረዋል። ጥሬ ዶላር ከተረፋችሁ ስትገቡ አስመዝግቡት፤ ከዚያ ባንክ አስገቡት።

ቴዘር ከተረፈ እኔ ኤርፖርት ከመሄዴ በፊት ለወንድሜ እመልሰዋለሁ። እንደ አላላኩ፣ መጀመሪያ 10፣ ከዚያ ቀሪው። ቲአርኤክሱን ግን አልነካውም፤ ለሚቀጥለው መንገድ እዚያው ይቀመጣል። መንገደኛ መቀመጫው ላይ ሆኖ፣ በሰው ዋይፋይ፣ በር ሊዘጋ ሲል አይላክም። ሆቴል ውስጥ፣ ሻንጣው ሳይዘጋ፣ በራሳችሁ ሲም ጨርሱት።